ግራፊክስ ካርድ ሳትገዙ ጌም የሚያጫውት ፒሲ እንዴት እንደምትገጣጥሙ

ጌም መጫወት አምሯችሁ የግራፊክስ ካርድ ዋጋ ስታዩ የተዋችሁት ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ግራፊክሱ እዛው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፒሲ ገጣጥሞ መጫወት ይቻላል፣ ያውም በደንብ፣ እኔ ራሴ ረጅም ጊዜ በሱ ነው የተጫወትኩት። ግን ይሄ አይነት ፒሲ ካርድ ካለው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳታውቁ ከገባችሁበት ገንዘባችሁንም አውጥታችሁ ጌሙ ይቆራረጥባችኋል። ነገሩ ራም ነው።

ለምን ካላችሁ፣ ግራፊክስ ካርድ የራሱ ሚሞሪ እላዩ ላይ አለው፣ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ግን የኔ የሚለው ሚሞሪ ስለሌለው ከፒሲው ራም ላይ ነው የሚሰራው፣ ያንኑ ራም ደግሞ ፕሮሰሰሩም ይሻማዋል። በቁጥር ስታዩት ይገባችኋል፦ አንድ ዲዲአር4 3200 ራም ብቻውን ሲሰካ ቢበዛ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ነው የሚያስተላልፈው፣ ሁለት ሆነው በዱዋል ቻናል (ማለትም ሁለቱ ባንዴ በሁለት መንገድ) ሲሰሩ 51.2 ይሆናል፣ ባለ 8 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ካርድ ግን ለራሱ ብቻ 224 አለው። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ትንሽ የሆነችውን ነገር አንድ ራም ብቻ በመሰካት ለሁለት መክፈል ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

አንዴ ጓደኛዬ ጌሙ በየሁለት ሰከንዱ ቀጥ ይልብኛል ብሎ ጠራኝ። ፕሮሰሰሩ ጥሩ ነው፣ ራሙ 16 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውሱ አዲስ ነው፣ ምኑም አያስጠረጥርም። የኬዙን ጎን ስንከፍተው አንድ ባለ 16 ራም ብቻውን ተሰክቶ ቁጭ ብሏል። እሱን አውጥተን ሁለት ባለ 8 ሰካንበት፣ ሌላ ምንም አልነካንም፣ ያው ጌም በዛው ሴቲንግ ሳይቆራረጥ ሄደ። ስለዚህ ገና ስትገዙ ሁለት አንድ አይነት ራም ባንድ ፓኬት ያለውን ግዙ። ትንሹ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ነው፣ ለግራፊክሱ ከዛው ላይ ስለሚቀነስ ባጠቃላይ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ አይበቃችሁም።

ዕቃ ስትመርጡ

ፕሮሰሰሩ ላይ ፊደሉን እዩ። የኤኤምዲ ራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ለዚህ ስራ የሚሆኑት መጨረሻቸው ላይ ጂ ያለባቸው ናቸው፣ መጨረሻው ኤፍ ከሆነ ግራፊክስ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፣ ስክሪኑ ራሱ አይበራም። እንደ ራይዘን 5 7600 አይነቶቹ ደግሞ ግራፊክስ አላቸው ይባላል ግን ስክሪን ለማሳየት ያህል የተቀመጠ ሁለት ኮምፒውት ዩኒት (የግራፊክሱን ስራ የሚሰራው ክፍል) ብቻ ነው፣ እንዳትሸወዱ።

በጀታችሁ ጠበብ ካለ የ2021ዱ ራይዘን 5 5600ጂ አሁንም ያዋጣል፣ 6 ኮር 12 ትሬድ ነው፣ ቬጋ 7 ግራፊክስ አለው፣ ኤኤም4 ሶኬት (ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ በዲዲአር4 ይሰራል። ታላቁ 5700ጂ 8 ኮር ነው ግን ሁለቱንም የሚያንቃቸው ያው ራሙ ስለሆነ ጌም ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ለሱ የምትጨምሩትን ፈጣን ራም ላይ አውሉት ባይ ነኝ። አቅም ካለ በ2024 የወጣው 8600ጂ በጣም ይሻላል፣ ኤኤም5 ነው፣ ዲዲአር5 ነው፣ ሬዲዮን 760ኤም የሚባለው ግራፊክሱ 8 ኮምፒውት ዩኒት አለው። 8500ጂ ላይ ግን ያሉት 4 ናቸው፣ ስሙ ስለተቀራረበ ጉልበቱም የሚቀራረብ እንዳይመስላችሁ።

ራም ለኤኤም4 3200 ወይም 3600፣ ለኤኤም5 ደግሞ 6000 አካባቢ ፈልጉ። ማዘርቦርድ ብዙ አያስጨንቅም፣ ለ5600ጂ ኤ520 ወይም ቢ550 በቂ ነው፣ ብቻ ከኋላው ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት ያለው መሆኑን እዩ፣ ምክንያቱም ምስሉ የሚወጣው በዛ ነው። ቢ450 ከገዛችሁ ባዮሱ (ፒሲው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አፕዴት የተደረገ መሆኑን ጠይቁ፣ ካልሆነ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። ዊንዶውሱና ጌሙ የሚቀመጥበት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ አንድ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ስለሆነ ትልቅ አያስፈልግም፣ ግን ነገ ካርድ ልታስገቡ ስለምትችሉ 500 ወይም 550 ዋት ይሁን፣ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ነገር ግን በፍጹም፣ እሱ ሲበላሽ ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

መገጣጠም

ማዘርቦርዱን የመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት፣ ከመንካታችሁ በፊት ብረት ነገር ነክታችሁ ስታቲኩን አራግፉ። የሶኬቱን ማንሻ ወደላይ አንሱ፣ ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሶስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አገጣጥሙና ዝም ብላችሁ አስቀምጡት፣ በራሱ ክብደት ነው የሚገባው፣ መጫን የለም። ካልገባ አቅጣጫው ስህተት ነው ማለት ነው፣ አንሱና እንደገና እዩ። ሲገባ ማንሻውን መልሱት። ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ ኤኤም5 ላይ ሶኬቱ ውስጥ ናቸው፣ የትም ይሁኑ በጣታችሁ እንዳትነኳቸው።

ኩለሩ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ ነው። ከ5600ጂ ጋር የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ ስለዚህ ሶኬቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ፕላስቲኮች መጀመሪያ ፈትታችሁ ማውጣት አለባችሁ። እነሱን ስትፈቱ ኤኤም4 ቦርድ ላይ ከጀርባ ያለው ብረት ይወድቃል፣ በአንድ እጃችሁ ከስር ያዙት። ተርማል ፔስቱ (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ የሚያሳልፈው ቅባት) ኩለሩ ስር ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ሌላ አትጨምሩ። አራቱን ብሎን በየተራ በሰያፍ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፣ አንዱን እስከመጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። የፋኑን ገመድ ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ ሰኩ።

ራሙ፦ አራት ማስገቢያ ካለ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ፣ አብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ይላል። አጠገብ ላጠገብ ከሰካችሁት በአንድ ቻናል ሊሰራ ይችላል፣ ያ ደግሞ ሁለት የገዛችሁትን አንድ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ቀጭ ሲል ገብቷል፣ ትንሽ ጠንከር ማለቱ ያለ ነው አትፍሩ።

ቀሪው ቀላል ነው። ኤስኤስዲውን ሰክታችሁ በብሎን እሰሩት፣ የኋላውን ሽፋን ኬዙ ላይ አስገቡ፣ ማዘርቦርዱን እሰሩ፣ ባለ 24 ፒኑንና ላይኛው ጥግ ያለውን የፕሮሰሰር ባለ 8 ፒን ገመድ ሰኩ፣ ለካርድ ተብሎ የተሰራው ባለ 8 ፒን ይመሳሰላል ግን እሱ አይደለም፣ ገመዱ ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ። የማብሪያው ቀጫጭን ገመዶች አሰካክ ማኑዋሉ ላይ አለ።

ስታበሩት ኤኤም5 ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ራሙን እየፈተሸ ነው፣ ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት።

ባዮስ፣ ይሄን እንዳታልፉት

ሲነሳ ዲሊት እየነካካችሁ ግቡ። መጀመሪያ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩ፣ ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያስኬደው እሱ ነው። 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ይሄን ካላበራችሁት 2133 ወይም 2400 ላይ ሊሄድ ይችላል፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው አመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚጠቀመው። ካበራችሁት በኋላ ፒሲው አልነሳም ካለ የማዘርቦርዱን ሲሞስ ሪሴት አድርጉና (የባዮሱን ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፣ አደራረጉን ማኑዋሉ ላይ እዩ) አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ፍጥነት ሞክሩ። ቀጥሎ ዩኤምኤ ፍሬም በፈር ሳይዝ የሚለውን ፈልጉ፣ ለግራፊክሱ የሚመደበው ራም ነው፣ 16 ጊጋ ካላችሁ 2 ጊጋ ስጡት፣ ከዛ በላይ ብትሰጡት ከዊንዶውሱ ላይ ነው የምትቀንሱት።

ዊንዶውስ ከጫናችሁ በኋላ የኤኤምዲን ድራይቨር ከራሱ ሳይት አውርዱ። ከዛ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ሚሞሪ የሚለው ጋር ፍጥነቱን እዩ፣ 3200 ገዝታችሁ 3200 ካላለ ወደ ባዮስ ተመለሱ።

ጌም ላይ ቫሎራንት፣ ዶታ 2፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ ሮኬት ሊግ የመሳሰሉት በ1080ፒ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ደስ ብሏችሁ ትጫወታላችሁ። አዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች ላይ ግን ሪዞሉሽኑን ቀንሱ፣ 1080ፒ በአንድ ፍሬም 2,073,600 ፒክስል ነው፣ 720ፒ 921,600 ነው፣ ከግማሽ በታች ስራ ማለት ነው። ኤፍኤስአር ያለው ጌም ከሆነ እሱን አብሩ፣ ዝቅ ባለ ሪዞሉሽን ሰርቶ ያሳድገዋል። ጥላውን ሎው አድርጉ፣ ፍሬሙንም 60 ካልያዘ 30 ላይ ቆልፉት፣ አንዴ 55 አንዴ 28 ከሚል ቋሚ 30 ለዓይንም ለእጅም ይሻላል።

ወደፊት ካርድ ስታስቡ ደግሞ 5600ጂ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ) 3.0 ብቻ እንደሆነ አስታውሱ፣ እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በዚህ መንገድ 4 ሌን (መስመር) ብቻ የሚሰሩ ካርዶች እሱ ላይ ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ 8 ወይም 16 ሌን ያለው ፈልጉ። ካርዱን የሰካችሁ ቀን የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ወደ ካርዱ አዙሩት።