ስለ ኤክስ-37 ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኤክስ-37 የተባለችው ሰው አልባ የጠፈር አውሮፕላን በተወነጨፈች ወይም ባረፈች ቁጥር፣ የአሜሪካ ጦር ከሲቪሉ የጠፈር ድርጅት ከናሳ እንዴት እንደወሰዳት ይወራል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ባይሆንም ስህተት ይበዛዋል። ስለ እርሷ የምትጽፉ ወይም የምትተርጉሙ ቢያንስ እነዚህን ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት «ጦሩ ነጠቀ» ማለት ነው። ለጆሮ ይጥማል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ናሳ እና አውሮፕላን ሠሪው ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራውን ሲጀምሩ ናሳ 109 ሚሊዮን፣ ቦይንግ 67 ሚሊዮን፣ አየር ኃይሉ ደግሞ 16 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጡ ተስማምተው ነበር። የገንዘቡ ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ጦሩ ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። የመንኮራኩሯ ቅርጽ ራሱ የተወረሰው አየር ኃይሉ ካሠራት የሙከራ አውሮፕላን ከኤክስ-40 ነው። ኤክስ-40 በ1998 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከሄሊኮፕተር ተለቅቃ ያለ አብራሪ አርፋለች፤ በ2001 ደግሞ ናሳ ተውሷት በካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ ለኤክስ-37 መለማመጃ አድርጓታል። ታዲያ ማን ከማን ወሰደ?

ናሳ እጁን ያነሳውም ተገፍቶ አይደለም። በየካቲት 2003 ኮሎምቢያ መንኮራኩር ከሰባት ጠፈርተኞቿ ጋር ጠፋች። በጥር 2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ ድርጅቱ ወደ ጨረቃ እንዲመለስ አዘዙ፤ ገንዘቡም አሳቡም ወደዚያው ዞረ። በዚያው ዓመት መስከረም ኤክስ-37 የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ክንድ ለሆነው ለዳርፓ ተላለፈች። በእኔ ግምት ባለቤቱ ባይተዋት ኖሮ ጦሩ ለብቻው አያገኛትም ነበር።

«ጦሩ ያየውን ሁሉ ይወስዳል» የሚለውም አያስኬድም። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰባት ሌላዋ የናሳ የሙከራ መንኮራኩር የኤክስ-33 የሃይድሮጅን ማጠራቀሚያ በ1999 በሙከራ ላይ ተበላሸ፤ ናሳም በመጋቢት 2001 ፕሮግራሙን ዘጋው። አየር ኃይሉ አይቷት አልፈልግም አለ። በተቃራኒው መንገድ የተጓዘም አለ፤ ዲሲ-ኤክስ የተባለው ሙከራ ሮኬት ከጦሩ ወጥቶ ወደ ናሳ የገባ ነው።

ሁለቱን አውሮፕላኖች አታምታቱ። ዳርፓ የሞከራት ኤክስ-37ኤ ጠፈር አልደረሰችም። በሚያዝያ 2006 ሞሃቪ በረሃ ላይ ኋይት ናይት ከተባለው ተሸካሚ አውሮፕላን ተለቅቃ በደንብ ከበረረች በኋላ፣ ስታርፍ ከማኮብኮቢያው ጫፍ አልፋ ወጣች። በሚያዝያ 2010 በአትላስ ሮኬት ምህዋር የገባችው አየር ኃይሉ ያሠራት ኤክስ-37ቢ ናት። እንግዲህ «የናሳ አውሮፕላን አሁን ለጦሩ እየበረረች ነው» ማለት ስህተት ነው፤ የምትበረው የዚያች ልጅ ናት።

ጭነቷ ምስጢር ስለሆነ የጦር መሣሪያ ናት የሚሉ አሉ፤ ምስጢር ሁሉ ግን የጦር መሣሪያ አይደለም። የጭነት ክፍሏ ርዝመት 2.1 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። በ2020 በተጀመረው ጉዞ የናሳ የዕፅዋት ዘር ሙከራ እና የባሕር ኃይሉ ምርምር ተቋም የፀሐይ ኃይልን ወደ ማይክሮዌቭ ሞገድ የሚቀይር መሣሪያ ተጭነው እንደነበር በይፋ ተነግሯል። ቀሪውን ጭነት ባላየነው ነገር መሙላት ግን ጋዜጠኝነት አይሆንም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነትም በምህዋር ላይ የሚከለክለው የኑክሌርና ሌሎች የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎችን እንጂ ማንኛውንም የጦር መንኮራኩር አይደለም።

መተቸት ከፈለጋችሁ ዝምታውን ተቹ። በናሳ ዘመን በጀቱና የሙከራው ዕቅድ በአደባባይ ይነገር ነበር። ከዝውውሩ በኋላ ግን በ2010 የት ምህዋር ላይ እንዳለች ለዓለም የነገሩት ማታ ማታ ሰማይ የሚከታተሉ አማተሮች ናቸው። ግብር ከፋዩ ያጣው ይህን ነው፤ እኔን የሚቆጨኝም ከአውሮፕላኗ ይልቅ እርሱ ነው።

ፎቶ ስትመርጡ ጠፈርተኞችን ታመላልስ የነበረችውን የናሳ መንኮራኩር፣ የስፔስ ሻትልን፣ አትለጥፉ። ሻትል 37 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ይህቺ 8.9 ሜትር ናት፣ ሰውም አትጭንም።

በመጨረሻም፣ ከላይ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስትጠቅሷቸው «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ፤ አለበለዚያ 2004ን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ዝውውሩን ሰባት ዓመት ገደማ ያዘገየዋል። ዝውውሩ የተፈጸመበት መስከረም 13 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. በእኛ መስከረም 3 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር።