ሲ ድራይቭ ቀይ ሲሆንባችሁ

ሲ ድራይቫችሁ፣ ማለትም ኮምፒውተራችሁ ላይ ዊንዶውሱ ያለበት ማስቀመጫ፣ ሞልቶ ቀይ ካሳያችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዛ ስቶሬጅ ግቡና ቴምፖራሪ ፋይልስ የሚለውን ክፈቱት፣ በተለይ ዊንዶውሳችሁ በቅርቡ ትልቅ አፕዴት አድርጎ ከሆነ የድሮው ኮፒ እዛው ቁጭ ብሎ ብዙ ጊጋ ይዞባችሁ ሊሆን ይችላል፣ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን የሚለው ነው፣ እሱ ከጠፋ ግን ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስ ስለማይቻል አዲሱ በደንብ እየሰራ መሆኑን መጀመሪያ እዩ። ደሞ በናታችሁ ዳውንሎድስ የሚለው ላይ የራይት ምልክት እንዳታደርጉ፣ ያወረዳችሁትን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚወስደው! ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ የምትጠቀሙ ሴቲንጉ ውስጥ አድቫንስድ ገብታችሁ ካሹን፣ ማለትም ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች፣ አጽዱት፣ ቻታችሁ አይጠፋም። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉት፣ እዛ ያለው ፋይል አሁንም ቦታ እንደያዘ ነው።