ቅንፍ ውስጥ የቀረችው 3

ትናንት ማታ አራት ኪሎ እህቴ ቤት ነበርኩ። አቦል እየተቀዳ ልጇ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ ሁለቴ ሠራሁት፣ እምቢ አለኝ።»

ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንድ ሬክታንግል ዙሪያ 54 ሜትር ነው። ርዝመቱ ከወርዱ እጥፍ በ3 ሜትር ይበልጣል። ወርዱ ስንት ነው?

ወርዱን «ወ» ብሎ እንዲህ ጽፏል፦

2ወ + 2(2ወ + 3) = 54

እስከዚህ ጎበዝ ነው። ያገኘው መልስ ግን 8.5 ነበር። «እስኪ መልሰህ ተካው» አልኩት። ርዝመቱ 20 ሆነ፣ ዙሪያው ደግሞ 57። 3 ሜትር ትርፍ! ስህተቱን የጠቆመችን ያቺው 3 ናት። ቅንፉን ሲፈታ 4ወ + 3 ብሏል፤ 2 ወደ ውስጥ ስትገባ 3ን አላባዛቻትም።

ሕጉን ከመድገም ሥዕሉን አሳልኩት። እኔ ሁሌም ሥዕል ይሻላል ባይ ነኝ። ከላይ ባለው ጎን 2ወ + 3 ጻፈ፣ ከታችም እንደዚያው። ሁለቱን 3ዎች በጣቱ ነካቸው። «እህ! ሁለት ናቸዋ!» አለ።

ከዚያማ ቀላል ነው፦ 6ወ + 6 = 54፣ 6ወ = 48፣ ወ = 8። ርዝመቱ 19። 8 እና 19 ሲደመሩ 27፣ እጥፉ 54። ቶና ሳይቀዳ ጨረስን።