የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ኩሬ ችግርና መፍትሄ፦ ለተሁለደሬ፣ ለአምባሰልና ለቃሉ ዓሣ አርቢዎች

ዓሣ ሲሞት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መድኃኒት ነው። ከመድኃኒቱ በፊት ግን ውኃውን ማየት ይቀድማል፤ ያውም ጎህ ሲቀድ።

ምልክት፦ ዓሣው በንጋት ከውኃው ላይ ተሰብስቦ አፉን እየከፈተ ይተነፍሳል፤ ረፋድ ላይ ወደ ታች ይመለሳል።

ኦክስጂን አልቆበት ነው። አረንጓዴው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጂን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና የኦክስጂኑ መጠን ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። የሚበሰብስ ፍግና የተረፈ መኖም ይሻማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ለቀናት ሲዳምን ነገሩ ይብሳል፤ በበጋ የለመዱትን ፍግ በክረምትም መጨመር ኩሬውን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ለጊዜው መኖና ፍግ አቁሙ። ከሥር ያለውን ውኃ እስከ ሩብ ድረስ አፍስሱና በምትኩ ንጹሕ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ እየወረደ እንዲገባ አድርጉ፤ ሲረጭ አየር ይዞ ይገባል። ተጨማሪ ውኃ ከሌለ የመስኖ ፓምፑ ከኩሬው ስቦ መልሶ ኩሬው ላይ ይርጭ። ለወደፊቱ መለኪያው ክንድ ነው፦ መዳፍን ወደ ላይ አጥፎ እጅን ማስገባት። ውኃው ክርን ሳይደርስ መዳፉ ከጠፋ አልጌው በዝቷል፤ ፍግ ለሳምንት ይቅር። ክርን ሲደርስም መዳፉ ጥርት ብሎ ከታየ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት እስከ 10 ኪሎ ደረቅ የከብት ፍግ ጨምሩ። ጎርፍ ገብቶ የደፈረሰ ውኃ በዚህ አይለካም፤ ለእሱ መፍትሄው ከኩሬው በላይ ጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ መቆፈር ነው።

ምልክት፦ ስድስት ወር አለፈ፣ ኩሬው በጣት በሚያህል ዓሣ ተሞላ።

ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ገና በሦስት በአራት ወሩ ይራባል። ጫጩቱ የእናት የአባቱን መኖ ይሻማል፤ እንስቷም እንቁላልና ጫጩት በአፏ ስትይዝ አትበላም። ስለዚህ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማሳደግ ይሻላል። ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲሆን ገልብጦ ከሆዱ በታች ማየት ነው፦ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ እንስቷ ሦስት። በካሬ ሜትር 2 ወንድ ይበቃል። መለየቱ ከከበደ ለ10 ቆሮሶ 1 አምባዛ የተባለ ዓሣ በል ዓሣ ጨምሩ፤ ጫጩቱን ይለቅምላችኋል። ሲገባ ግን ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፣ አለዚያ የሚበላው የደከማችሁበትን ነው።

መኖውንም አስሉት። 400 ዓሣ እያንዳንዱ 50 ግራም ቢመዝን በድምሩ 20 ኪሎ ነው፤ 4 በመቶው 800 ግራም የቀን መኖ ይሆናል፣ ለሁለት ተከፍሎ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ ጥሩ ነው። አተላ በብዛት መድፋት ውኃውን ያበላሻል።

ምልክት፦ ከኅዳር እስከ ጥር መኖው ሳይነካ ይቀራል።

ብርድ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ መብላት ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲጠጋ ጨርሶ ይተዋል፤ ከ12 በታች ከቆየ ይሞታል። መኖውን አሳንሳችሁ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀው በኋላ ስጡ፤ ሌሊት የምንጭ ውኃ አታስገቡ። አዲስ ኩሬ ስትቆፍሩ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። ከደሴ በላይ ላለው ደጋ ቆሮሶን አንመክርም። የብርድ ዓሣ፣ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ነው፤ እሱ ደግሞ ሌት ተቀን የሚፈስ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋልና በቆመ ኩሬ አይሞከርም።

ምልክት፦ ውኃው ይጎድላል።

በኩሬው ውስጥ ምልክት ያለው እንጨት ትከሉ። በቀን እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ትነት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይሰርጋል። መረሬ አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ያፈሳልና ግድቡን አታድርቁት፤ ስንጥቁን በእርጥብ ሸክላ አፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁ።

ምልክት፦ ጫጩቱ በተለቀቀ ማግስት ሞተ።

የሙቀት ለውጥ አስደንግጦት ነው። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አይመገብ፤ በማለዳ ይጓጓዝ። ጫጩቱ የመጣበት ላስቲክ ሳይፈታ ኩሬው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ የኩሬው ውኃ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበትና ዓሣው ራሱ ዋኝቶ ይውጣ።

ምልክት፦ ሬሳ አይታይም፣ ቁጥሩ ግን ቀንሷል።

ወፍ ወስዶት ወይም በትርፍ ውኃ መውጫው ሄዶ ነው። በኩሬው ላይ ገመድ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ወጥሩ፤ መውጫው ላይ ወንፊት እሰሩ፤ በክረምትም በየቀኑ ጥረጉት፤ ቅጠል ከደፈነው ውኃው በግድቡ ላይ ያልፋል፣ ዓሣውም አብሮ ይሄዳል።