ነገ ሳይታወቅ የዛሬን ቁም ነገር መያዝ

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ሰው የቀኑ ገሚስ በእጁ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ታክሲ ሰልፍ አለው፣ ኪራይ መቼ እንደሚጨምር የሚያውቀው አከራይ ነው። ከመሃል ከተማ ተነስቶ ለመጣ ሰው ደግሞ ለዓመታት ቡና የተጠራራው ጎረቤት፣ ዕድሩና ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ አብረውት አልመጡም። በዚህ መሃል «ለምንድን ነው የምለፋው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ የስንፍናም የእምነት ማነስም ምልክት አይደለም። ግን ጋደም ብሎ በማሰላሰል አይመለስም፤ እንዲያውም ይብስበታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሕይወትን ትርጉም በሦስት ይከፍሉታል። አንዱ ኑሮዬ ይገባኛል ማለት ነው፣ ሁለተኛው የምሄድበት አለኝ ማለት፣ ሦስተኛው መኖሬ ዋጋ አለው ማለት። ነገ ሲጨልም ሁለተኛው ይናጋል። ሦስተኛው ግን ዛሬም በእጅ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ይጀምሩ።

መጀመሪያ ለ7 ቀን ይመዝግቡ። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በቀን አራት ጊዜ፣ ያደረጉትን በአንድ መስመር ይጻፉና ከ0 እስከ 10 ሁለት ቁጥር ይስጡት፤ አንዱ ለደስታ፣ አንዱ ለቁም ነገር። ዘዴው ለድብርት ሕክምና ከሚውል የድርጊት መመዝገቢያ የመጣ ነው። እዚያ ከደስታ ጋር የሚለካው «ተሳካልኝ» የሚለው ስሜት ነው፤ እኛ በቁም ነገር ተክተነዋል። ገጹ ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከ20። ሁለት ጀሪካን ውሃ ወደ 4ኛ ፎቅ፣ አንዱ ለእማማ። ደስታ 1፣ ቁም ነገር 8።»
«ማክሰኞ ምሽት ከ3 እስከ 5 ሰዓት። ቲክቶክ። ደስታ 5፣ ቁም ነገር 0።»

ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እንደማይሄዱ ያስተውሉ። ብዙ ሰው ቀኑ ባዶ የሚመስለው ደስታን ብቻ ስለሚቆጥር ነው። የተለመደው ስህተት ደግሞ ሁሉንም ማታ ከመኝታ በፊት መጻፍ ነው፤ የደከመ ሰው ጠዋት የሠራውን መልካም ነገር ይረሳል ወይም ያሳንሳል። ድርጊቱ ካለፈ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጻፉ። ደብተር ካልተመቸ ስልክ ላይ ይያዙት።

እሑድ ዕለት በቁም ነገር 6 እና ከዚያ በላይ ባገኙት ላይ ክብ ያድርጉና «ለማን?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሰው ስም ይሆናል። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈው የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል (እ.ኤ.አ. 1905–1997) ሰው ትርጉም የሚያገኘው በሦስት መንገድ ነው ይል ነበር፦ ሠርቶ በሚሰጠው፣ በሚቀበለው ፍቅርና ውበት፣ ሊለወጥ የማይችል መከራን በሚይዝበት አኳኋን። የመጨረሻው አላግባብ ሲጠቀስ ያሳስበናል። ፍራንክል ራሱ ሊወገድ የሚችልን መከራ ዝም ብሎ መሸከም ጀግንነት እንዳልሆነ ጽፏል። የሚያፈስ ቧንቧ ይጠገናል እንጂ አይታገሡትም።

ከዚያ ከከበቡት አንዱን ብቻ መርጠው ያሳንሱት። «ልጆቼን በደንብ አስጠናለሁ» አይሠራም። «ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንዳወለቅሁ፣ ስልኬን ሳልነካ፣ የልጄን ደብተር 10 ደቂቃ አያለሁ» ይሠራል። ልብ ይበሉ፤ ጫማ ማውለቅ እንጂ ሰዓት አልተጠቀሰም። ከዳር ሰፈር የሚመላለስ ሰው ዕቅዱን «ምሽት 1 ሰዓት» ላይ ካሰረ የታክሲ ሰልፉ በሳምንቱ ያፈርስበታል። በየቀኑ ከማይቀር ድርጊት ጋር ያያይዙት። ለንደን ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት አዲስ ልማድ ሳያስቡት እስኪሠራ የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ጉዳት አላሳየም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቢያመልጥዎ ከዜሮ አይጀምሩ።

ጭንቀትን «አላስብም» ብሎ መግፋት አይሆንም፤ ቀጠሮ ይስጡት። እ.ኤ.አ. በ1983 ከታተመ ጥናት ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ 30 ደቂቃ መጨነቅ፤ በሌላ ጊዜ የመጣውን ጽፎ ለቀጠሮው ማቆየት። ቦታው አልጋ አይሁን፤ አልጋና ጭንቀት ከተላመዱ እንቅልፍ ይርቃል። ቤቱ ስቱዲዮ ከሆነ የብሎኩ ደረጃ ወይም የኮሚናሉ (የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ቤት) በረንዳ ይበቃል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍለው በአንዱ በእጅዎ ያለውን፣ በሌላው የሌለውን ይጻፉ። በእጅዎ ካለው አንዱን ለነገ ያስይዙና ተነሥተው ይሂዱ።

ሐዘኑ ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደብተሩን ይተዉት። የሞት ሐሳብ ከሆነ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ነግረው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይሂዱ። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ።

አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዕድር ይጠይቅ። የብሎክ ኮሚቴው ወይም ባለሱቁ ያውቃል። ገንዘብ እየከፈሉ መቅረት ግን ቁም ነገሩን ያስቀራል፤ ሥራ ይውሰዱ። ድንኳን መትከል፣ ወንበር መቁጠር፣ ለቅሶ ቤት ማደር ይቻላል። ከጎረቤት ጋር ለመጀመር ደግሞ ከመስጠት ይልቅ ትንሽ ነገር መጠየቅ ይቀላል። ሙቀጫ ይዋሱ፤ ሲመልሱ «ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ፣ ብቅ በሉ» ይበሉ። አቦል ላይ ወሬው ስለ ውሃና ስለ መብራት ይሆናል፤ ቶና ላይ ከየት እንደመጡ ይጠያየቃሉ። እስከ በረካ ይቆዩ።