ሮለር ኮስተር ስትነድፉ «ስንት ጂ?» ብቻ አትበሉ

ጅማ ውስጥ ሮለር ኮስተር፣ ማለትም ሽቅብና ቁልቁል በሚወስድ ሐዲድ ላይ የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች መካከል ግን በወረቀት ያልሠራ አታገኙም። የማሠራቸው እኔ ነኝ። የክብ እንቅስቃሴን ቀመር ከመሸምደድ ሐዲድ ነድፎ «ተሳፋሪዬ በሰላም ይወርዳል ወይ?» ብሎ ማስላት ይበልጣል።

ሁሉም በአንድ ጥያቄ ነው የሚጀምሩት። «ቲቸር፣ ሰው ስንት ጂ ይችላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ በየት አቅጣጫ? ለስንት ሰከንድ?

1 ጂ ማለት አሁን ቁጭ ባላችሁበት የሚሰማችሁ ክብደት ነው። በ3 ጂ 60 ኪሎ የሆነ ልጅ ወንበሩን እንደ 180 ኪሎ ሰው ይጫነዋል። ኢንተርኔት የሚያገላብጥ ልጅ እዚህ ጋ ጆን ስታፕን ያመጣብኛል። ይህ አሜሪካዊ የአየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ 46.2 ጂ ደርሶበት ተርፏል። እውነት ነው። ግን ኃይሉ የመጣው በፊትና ኋላ አቅጣጫ ነበር፤ የቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው። ሲወርድ ዓይኑ ደም ሞልቶ ለጊዜው ማየት አቅቶት ነበር። ለዚህ ማን ትኬት ይቆርጣል?

ሮለር ኮስተር ላይ የሚበዛው ከራስ ወደ እግር የሚጫነው ነው። ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ ልብ ወደ አንጎል መልሶ መግፋት ይከብደዋል። መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ ከዚያ ዕይታ ይጠፋል፣ ከቀጠለ ሰውየው ራሱን ይስታል። ያልሠለጠነ ሰው ከ4 እስከ 6 ጂ መሃል ለተወሰኑ ሰከንዶች ከቆየ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ከወንበር የሚያነሳው አሉታዊ ጂ ደግሞ ደምን ወደ ራስ ይልካል፤ እሱን ሰው የሚችለው በጣም በትንሹ ነው። የጎኑ አንገትን ይጎዳል።

ስለዚህ የአሜሪካው የመዝናኛ መጫወቻዎች ንድፍ ደረጃ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ 2291፣ ገደቡን በአንድ ቁጥር አይሰጥም። ጊዜው ሲረዝም የሚወርድ መስመር ነው። ወደ ታች የሚጫነው 6 ጂ አካባቢ የሚፈቀደው ለአንድ ሰከንድ ገደማ ነው፤ አሉታዊው ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከ2 አካባቢ አያልፍም። ይህ የደህንነት ጣሪያ ነው፤ ምቾት ሌላ ነው። የእኔ የክፍል ሕግ ጠበቅ ይላል፦ ወደ ታች 3.5፣ ወደ ላይ ቢበዛ 1 ያውም ለቅጽበት፣ ወደ ጎን ከግማሽ በታች።

አሁን ወደ ሥራው። ከፍጥነት አትጀምሩ፤ ከከፍታ ጀምሩ። ፉርጎው ከቆመበት ከ20 ሜትር ቢወርድ፣ ሰበቃን ትተን፣ ታች ሲደርስ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ታች ባለው ጎድጓዳ የሚሰማው ጂ እንዲህ ይሰላል፦ የወረደውን ከፍታ በ2 አባዙት፣ ለጎድጓዳው ሬዲየስ አካፍሉት፣ 1 ደምሩ። ሬዲየሱ 10 ሜትር ከሆነ 5 ጂ። 16 ሜትር ከሆነ 3.5። የፉርጎው ክብደት እንኳ አያስፈልጋችሁም። ይህን ሲያዩ ልጆቹ ዓይናቸው ይበራል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ኮረብታው ጫፍ ላይ ግን በ2 አባዝታችሁ ለሬዲየሱ ያካፈላችሁትን ከ1 ትቀንሳላችሁ። ከ20 ሜትር ወርዶ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፍ ላይ ሲወጣ ልዩነቱ 5 ሜትር ነው። ሬዲየሱ 10 ከሆነ ዜሮ ጂ፤ ሆድ ተንሳፈፈ ማለት ነው። 5 ሜትር ካደረጋችሁት አሉታዊ 1 ይሆናል፤ ሰውየውን የያዘው መቆለፊያው ብቻ ነው።

ተሳፋሪው ተገልብጦ የሚያልፍበት ሙሉ ዙር ላይ ሁሉም ይሳሳታል፤ ኮምፓስ አንስቶ ክብ ይስላል። ንጹሕ ክብ ከሆነ ከታች ያለው ጂ ከላይኛው ሁሌም በ6 ይበልጣል፤ ሬዲየሱ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ላይ ዜሮ ብታደርጉት እንኳ ታች 6 ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ የተሠራው ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ ሮለር ኮስተር ዙሩ ክብ ነበር፤ የሰው አንገት ያሳምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል ካሊፎርኒያ ላለው ሬቮሉሽን ለተባለ ሮለር ኮስተር የእንባ ጠብታ ቅርጽ ነደፈ፤ ታች ሰፊ፣ ላይ ጠባብ። በኛ ምሳሌ መግቢያው 16 ሜትር ሬዲየስ ይኑረው። 12 ሜትር ላይ ባለው ጫፍ ልዩነቱ 8 ሜትር ነው፤ ሬዲየሱን 6 ካደረጋችሁ፣ ተገልብጦ ስለሆነ 1ን ከውጤቱ ቀንሳችሁ፣ 1.7 ጂ ገደማ ታገኛላችሁ። ተገልብጦም ወንበሩን ይጫናል።

ለመታጠፊያ ሐዲዱን አጋድሉ። ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ያውቀዋል፤ 30 ሜትር ሬዲየስ ያለውን መታጠፊያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትዞሩ ጎረቤታችሁ ላይ የሚጥላችሁ ኃይል 0.4 ጂ ብቻ ነው። ያቺን የምታህል እንኳ ትሰለቻለች። ሐዲዱ በትክክል ካጋደለ ግን ያው ኃይል ወደ ወንበሩ ይዞራል።

ከቀጥታ ሐዲድ ወደ ክብ ቅስት በአንዴ አትግቡ። ጂው ከ1 ወደ 3.5 ድንገት ይዘላል፤ አንገት ለመዘጋጀት ጊዜ አያገኝም። ቀስ በቀስ የሚጠብ መሸጋገሪያ አስገቡ። በሰከንድ 20 ሜትር ለሚሄድ ፉርጎ 10 ሜትር መሸጋገሪያ ግማሽ ሰከንድ ይሰጣል። እኔ ከዚያ በታች አልቀበልም።

መለኪያ የሚፈልግ ፋይፎክስ የተባለውን አፕ ስልኩ ላይ ይጫን፤ ነፃ ነው። ስልኩን በእጅ ሳትይዙ ባጃጅ ወንበር ላይ እሰሩት። በየጉድጓዱ የሚያስደነግጥ ቁጥር ታያላችሁ። ከ0.2 ሰከንድ በታች የሚቆዩትን እንደ ንዝረት ቁጠሯቸው፤ ደረጃውም ለይቶ ነው የሚያያቸው። የምትፈልጉት ቆየት የሚለውን ነው።

በመጨረሻ ስሌቱን ለኋለኛውም ፉርጎ ድገሙት። ባቡሩ ረጅም ከሆነ፣ የፊቶቹ ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ የኋለኛው ጫፉን በበለጠ ፍጥነት ያልፋል፤ ጠንካራው አሉታዊ ጂ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው። ሰበቃን ደግሞ ለትልቁ ጂ ስታሰሉ ትንሽ፣ ዙሩን መጨረሱን ስታረጋግጡ ብዙ አድርጋችሁ ያዙት። ጠዋት መንኮራኩሩ ሳይሞቅ ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፤ ከሰዓት ይፈጥናል።