የቡሄን ጅራፍ ገምዶ ማጮህ

በትንንሽ ከተሞች ያደግን ብዙዎቻችን የቡሄን መቃረብ የምናውቀው ከየሜዳው በሚሰማው የጅራፍ ጩኸት ነበር። በዓሉ ነሐሴ 13 ቀን ቢውልም ልጆች ቃጫ መሰብሰብና መግመድ የሚጀምሩት ቀደም ብለው ነው። ዛሬ ይህን ጨዋታ ለልጆቻቸው ለማስተማር የሚፈልጉ ወላጆች ከገበያ የገዙትን፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ገመድ ቢሰጧቸው ልጆቹ ይደክማሉ እንጂ እንደሚፈልጉት አይጮኽላቸውም፤ ጅራፍ የሚጮኸው ከመያዣው ወፍሮ ተነሥቶ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ነውና።

ጅራፍ ከልጥም ከቃጫም ይሠራል፤ ነገር ግን ልጥ መላጥ ዛፉን ስለሚጎዳ ቃጫን እመርጣለሁ። ቃጫውን ውኃ ውስጥ ነክረው ካለሰለሱት በኋላ ሦስት ቦታ ይክፈሉት፤ አንዱን ጫፍ ከምሰሶ ጋር አስረው፣ ገመዱን ሳያላሉ አጥብቀው ይጎንጉኑ። አንድ ስንዝር ያህል በሄዱ ቁጥር ከሦስቱም ዘርፎች ጥቂት ጥቂት ቃጫ እየቀነሱ፣ የተቀነሰውን ወደ ጉንጉኑ ውስጥ ይደብቁት። ይህን ሥራ በችኮላ መሥራት አይገባም፤ ገመዱ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ከቀጠነ እዚያው ላይ ይታጠፋል፣ ጉልበቱም እዚያው ይቀራል። ለልጅ የሚሆነው ርዝመት የቁመቱን አንድ ተኩል ያህል ነው። በመጨረሻም ጉንጉኑን ቋጥረው፣ በጣቶችዎ የፈተሉትን አንድ ስንዝር ቀጭን ቃጫ ከጫፉ ላይ ይሰሩለት፤ ድምፁን የሚሰጠው ይህ ነው፣ ቶሎ የሚያልቀውም ይኸው ስለሆነ መለወጫ ማዘጋጀት ይበጃል።

ለማጮህ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል። ልጁ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆሞ፣ ጅራፉን ከራሱ በላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙረው፤ ገመዱ በደንብ ተወጥሮ ሲዞር በድንገት ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ ይሳበው። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ላይ የሚፈጠረው እጥፋት ወደ ቀጭኑ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር እየፈጠነ ይሄድና፣ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ከሚጓዘው ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ጩኸቱ ይሰማል። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ በክንዳቸው ጉልበት ይታመናሉ፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን መልሶ በመሳቢያው ጊዜ ላይ ነው። ገመዱ ሳይወጠር ከተሳበ ተመልሶ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ በዝግታ ማዞርን ብቻ ይልመድ፣ ዓይኑንም በመነጽር ይከላከል፤ ሌሎች ልጆች ቢያንስ ከጅራፉ ርዝመት እጥፍ ርቀው ይቁሙ። በአንዳንድ አካባቢ ጎረምሶች በጅራፍ ይገራረፋሉ፤ ይህ ግን ለሕፃናት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ትርጉሙም አብሮ ይነገራቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ በዋዜማው የሚበራው ችቦ ደግሞ በተራራው ላይ የታየውን ብርሃን ያስታውሳል። ይህን የሰማ ልጅ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙሉን ሲቀበል የበዓሉን ምክንያት ያውቃል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ጅራፉን በጥላ አድርቀው፣ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይስቀሉት፤ ለከርሞ ጫፉን ብቻ መለወጥ ይበቃል።